መብራት ሲመጣ የሚመታው ቧንቧ

አሶሳ የገባነው ክልሉ ገና በተቋቋመበት ሰሞን ነው። ባለቤቴ ለግብርና ቢሮ፣ እኔ ለትምህርት ቢሮ ተመድበን፣ ሻንጣችንንና አንድ የስፖንጅ ፍራሽ ይዘን ከአውቶቡስ ወረድን። ቢሮ የተባለውም ገና ቢሮ አልሆነም ነበር። የኔ የሥራ ክፍል ሰው ሁሉ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይሰበሰባል፤ ወንበር የሚያገኘው ማልዶ የገባ ነው፤ ያረፈደ መስኮቱ ደፍ ላይ ይቀመጣል። ከየአገሩ የመጣው ሠራተኛ ከተማውን ስለሞላው የሚከራይ ቤት ማግኘት ጭንቅ ነበር።

ከብዙ ፍለጋ በኋላ አንዲት የበርታ ሴት ግቢያቸው ውስጥ ያለውን ቤት አከራዩን። መካ ደርሰው ስለተመለሱ ሰው ሁሉ ሃጃ ይላቸዋል፤ እኛም ሃጃ አልናቸው። ባላቸው ሞተዋል፣ ልጆቻቸው አግብተው ወጥተዋል። አማርኛውን የተማሩት ገበያ ላይ ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ነው የሚሉት። እኔን «ያ ቢንቲ» ይሉኛል፤ በዐረብኛ ሴት ልጄ ማለት ነው። ቀጥለውም «ዛሬ ደክሞሃል፣ ቁጭ በል» ይሉኛል። መጀመሪያ ሰሞን ሳቄ ይመጣ ነበር፤ ኋላ ግን በዚያ ከተማ እንደሳቸው የሚያስብልኝ ሰው ስላልነበረ አነጋገራቸው ራሱ ደስ ይለኝ ጀመር።

ግቢው መካከል በቀርከሃና በጭቃ የተሠራች የጋራ ኩሽና ነበረች። የውሃው ቧንቧ ከመሬት ወጥቶ የኩሽናዋን የውጭ ግድግዳ ተደግፎ ወገብ እስኪደርስ ይቆማል፤ ጫፉ ላይ መክፈቻ አለው። በዚያን ጊዜ የግል ቧንቧ ያለው ግቢ ብዙ አልነበረም። አብዛኛው ሰው ከሕዝብ ቦኖ ነው የሚቀዳው። ውሃው የሚመጣው ጠዋት ስለሆነ ያኔ በርሜላችንን እንሞላለን፤ ከዚያ በኋላ ቀጭን ጅረት ብቻ ይቀራል። በማታ ወደ ቧንቧው የሚሄዱት ሃጃ ብቻ ነበሩ። ለመግሪብ፣ ለምሽቱ ሶላት፣ ውዱእ አድርገው ለመታጠብ በበርሜል የቆመ ውሃ አይወዱም፤ ያቺ ቀጭን ጅረት ማንቆርቆሪያቸውን እስክትሞላ ቆመው ይጠብቃሉ።

የከተማው መብራት ደግሞ በሞተር ነበር። ፀሐይ ስትጠልቅ ይመጣል፣ ጥቂት ሰዓት ቆይቶ ይሄዳል። እንግዲህ ሃጃ ውዱእ የሚያደርጉበትና መብራት የሚመጣበት ሰዓት አንድ ነበር። ይህን ማንም አላሰበውም፤ ለምንስ ያስበዋል?

ቧንቧው ከመሬት የሚወጣበት ቦታ ላይ ዝጎ ያፈስ ነበር። መሬቱ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። እርጥቡን ተከትሎ ምስጥ የኩሽናዋን ቀርከሃ ከሥሩ ይበላ ጀመር። አንድ ቀን ግድግዳውን በጣቴ ጫን ባደርገው ጣቴ ገባ። ቀርከሃው ከላይ ሽፋኑ ብቻ ቀርቶ ውስጡ አፈር ሆኗል። ለባለቤቴ ባሳየው ደነገጠ።

«ይኼ ነገር እንዲህ ከቀጠለ ኩሽናው እላያችሁ ላይ ይወርዳል» አለኝ።

በከተማው የታወቀ አንድ የቧንቧ ሠራተኛ ነበር፤ እሱን አዲሶቹ ቢሮዎች ስለተሻሙት ለኛ የሚተርፍ ጊዜ አልነበረውም። ባለቤቴ እጁ ሥራ አይፈራም። ሃጃ ሱዳን ድንበር ላይ ባለችው ኩርሙክ የታመመች እህታቸውን ሊጠይቁ ሲሄዱ፣ «እስኪመለሱ አደርቅላቸዋለሁ» አለ። አንድ እሑድ የውሃ ቆጣሪው አጠገብ ያለውን መዝጊያ ዘጋ፣ የዛገውን ቁራጭ በብረት መጋዝ ቆርጦ አወጣ፣ በቦታው ወፍራም የፕላስቲክ ቱቦ አስገባ፣ ሁለቱንም ጫፍ ከመኪና ጎማ ካላማዳሪያ በተቆረጠ ላስቲክ ጥብቅ አድርጎ አሰረ። በማግስቱ ውሃ ሲመጣ ጠብታ አላፈሰሰም። ሥራ ሳይገባ እዚያው ቁጢጥ ብሎ ደረቁን መሬት ሲያይ ትዝ ይለኛል።

በዚያው እሑድ ማታ የኩሽናው አምፖል አልበራ አለ። የቤቱ በርቷል፣ የሃጃ በረንዳ በርቷል፣ የኩሽናው ብቻ ጨለማ ነው። ባለቤቴ ተቃጥሎ ይሆናል ብሎ አዲስ አምፖል አስገባ። እሱም አልበራም። «ሽቦው የሆነ ቦታ ላይ ተበጥሶ ይሆናል፣ አየዋለሁ» አለና ተወው። እኔም በፋኖስ መሥራት ጀመርኩ። ማብሪያው እንደበራ ቀረ። የማይበራ አምፖል ማብሪያ ወደ ላይ ሆነ ወደ ታች ሆነ ማን ይመለከተዋል?

አንድ ምልክት ግን ነበር። የጎረቤት ፍየል ነበረች፤ አጥር በቀደደች ቁጥር ወደኛ ቧንቧ መጥታ አፉን ትልሳለች። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ መጥታ ምላሷን ስትዘረጋ፣ በአራት እግሯ ዘልላ እየጮኸች በመጣችበት ወጣች። እኔና ባለቤቴ በረንዳ ላይ ነበርን፤ ከልባችን ሳቅን። እሱ «ንብ ነድፏት ይሆናል» አለ።

ሃጃ በጭነት መኪና ላይ ተጭነው፣ አቧራ ለብሰው፣ ከቀትር በኋላ ከኩርሙክ ተመለሱ። ለኔ የሱዳን ሳሙና አምጥተውልኛል። መጀመሪያ ያዩት ቧንቧውን ነበር። መሬቱን በእግራቸው ጣት ነካ ነካ አደረጉና ወደ ባለቤቴ ዞረው፣ «አንተ ነህ ይህን የሠራ? አላህ ይስጥህ» አሉት። እሱ እንደ ልጅ አፈረ።

ፀሐይ ስትጠልቅ ማንቆርቆሪያቸውን ይዘው ወደ ቧንቧው ሄዱ። ጫማቸውን አውልቀው በተለመደው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ቆሙ። እኔ ኩሽናው በር ላይ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር። መብራት መጣ፤ የቤታችን መስኮት ቢጫ ሆነ። ወዲያው ማንቆርቆሪያው ድንጋዩ ላይ ሲወድቅ ሰማሁ። ያመለጣቸው መሰለኝ። ግን ሊያነሱት አላጎነበሱም።

ቀና ብዬ ሳይ እጃቸው የቧንቧውን መክፈቻ እንደጨበጠ ነው። አንገታቸው ወደ ኋላ ቀርቷል። በጥርሳቸው መካከል አንድ ድምፅ ይወጣል፤ ጩኸት አይደለም፣ ብርድ ያንቀጠቀጠው ሰው የሚያወጣው ዓይነት ነው። ሮጬ ትከሻቸውን ስይዝ ክንዴን እስከ አንገቴ የሆነ ነገር መታኝና በጀርባዬ ተዘረርኩ። ያኔ ገባኝ። ኤሌክትሪክ ነው። ግን ውሃ ውስጥ ኤሌክትሪክ ከየት ይመጣል? ወድቄም ይህንኑ ነበር የማስበው።

ባለቤቴን ጠራሁት። ከቤት ወጥቶ አንድ ጊዜ አየን፤ ወደኛ ሊሮጥ ጀምሮ ቆመና «አትንኪያቸው» አለኝ። በረንዳው ላይ ካለው የመብራት ቆጣሪ ሥር ዋናውን ማጥፊያ ሳበው። ግቢው ጨለመ። ሃጃ እንደ ጨርቅ ወደቁ።

ይተነፍሱ ነበር። ባለቤቴ በክንዱ አቅፎ በረንዳው ላይ አስተኛቸው፤ እኔ በኋላ ቤት ወደሚኖረው ተከራያቸው ሮጥኩ። እሱ የፋይናንስ ቢሮ ሠራተኛ ነው፤ የሚኖረው በዚሁ ግቢ ጀርባ በሃጃ ሌላ ቤት ውስጥ ብቻውን ነው። የቢሮ መኪና የያዘ ሾፌር ፈልጎ አመጣና ሆስፒታል ወሰድናቸው። መንገድ ላይ ዐይናቸውን ገለጡ። ራሳቸው ጭኔ ላይ ነበር።

«መግሪብ አለፈ?» አሉኝ።

«ገና ነው ሃጃ» አልኳቸው። ውጭው ጨልሞ ነበር።

መዳፋቸው ተቃጥሎ ነበር፤ ሁለት ጣቶቻቸው ከዚያ ወዲያ በደንብ አልታጠፉም። ግን ተረፉ። ሐኪሙ ትንሽ ቢቆይ ኖሮ ልባቸው ይቆም እንደነበር ነገረን። ቤት ከገባን በኋላ ባለቤቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እጁን ያያል።

ሲነጋ ዋናው ማጥፊያ እንደጠፋ፣ ኩሽናው ገብቶ የአምፖሉን ሽቦ ተከትሎ መፈለግ ጀመረ። እኔም አብሬው ነበርኩ። ከማብሪያው አንድ ሽቦ ወደ አምፖሉ ይሄዳል። ከአምፖሉ የሚወጣው ሁለተኛው ሽቦ ግን ወደ ቤት አይመለስም፤ ግድግዳው ጭቃ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። ባለቤቴ ጭቃውን በቢላዋ ልጦ ተከተለው። ሽቦው ግድግዳውን በስቶ በውጭ በኩል ቧንቧው ላይ ተጠምጥሟል። በፒንሳ ተጠምዝዞ፣ ተጠጋግቶ፣ በጥንቃቄ የታሰረ ነበር፤ ከላዩ ጭቃ ቢመረግበትም እንከን አልነበረውም።

ለረጅም ጊዜ ሽቦውን አየው። ከዚያ እንዲህ ብሎ አስረዳኝ። አምፖል እንዲበራ ኤሌክትሪኩ የሚገባበትም የሚወጣበትም መንገድ ያስፈልገዋል። ይህን ያሰረው ሰው መውጫውን በሽቦ ፈንታ በቧንቧው አድርጎታል። ቧንቧው ብረት ስለሆነና መሬት ውስጥ ስለተቀበረ ኤሌክትሪኩ በሱ በኩል ወደ መሬት ሲወርድ ኖሯል። ስንትና ስንት ጊዜ እንደዚያ ሲሠራ ማንንም አልነካም።

«ታዲያ አሁን ምን ሆነ?» አልኩት።

በጣቱ የፕላስቲኩን ቱቦ አሳየኝ። «እኔ ብረቱን ቆረጥኩት። ፕላስቲክ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። አምፖሉ ያልበራውም ለዚህ ነው። መውረጃ ያጣው ኤሌክትሪክ ቧንቧው ላይ ሆኖ ሰው እስኪነካው ይጠብቃል። የነካው ሰው መውረጃው ይሆናል።»

ያን ጊዜ የተሰማኝን ፍርሃት ዛሬም በቃል መግለጽ ያቅተኛል። ከዚያ እሑድ ጀምሮ ስንት ማታ በዚያ ቧንቧ አጠገብ ሰሃን ይዤ አልፌአለሁ። መሬቱ ደረቀ ብለን ደስ ያለን ጊዜ ሁሉ ሞት ግድግዳው ላይ ተደግፎ ቆሞ ነበር፤ ምልክቱም አንድ የማይበራ አምፖል ብቻ። ባለቤቴ ሽቦውን ቆርጦ አወጣ፤ ከዚያ ኩሽናው ውስጥ ተቀምጦ አለቀሰ። ሲያለቅስ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር።

ሃጃ ከሆስፒታል ሲመለሱ እሱ ራሱ ነገራቸው። ምንም ሳይሸፍን፣ ቱቦውን አስገብቼ እኔ ነኝ ያደረግሁት አላቸው። እሳቸው ሽቦውን ማየት ፈለጉ። ባልታመመው እጃቸው ይዘው አገላበጡት።

«ይህ የኔ ሽማግሌ ሥራ ነው» አሉ፤ ሟቹን ባላቸውን ማለታቸው ነው። «ሽቦ አልነበረም ያኔ። ከኩርሙክ ትንሽ አመጣ፣ አልበቃም። ሌሊት ተነስቼ እባብ እንዳልረግጥ ኩሽና መብራት አስገባልኝ። ብልህ ሰው ነበር።» ሽቦውን አስቀመጡና ባለቤቴን፣ «አንተ አታልቅስ። እሱም አላወቀም፣ አንተም አላወቅህ» አሉት። ቀጥለው፣ እንደ ዋዛ፣ «የኋላውንም ቤት መብራት እሱ ነው ያስገባ» አሉ።

ይህ ሲነገር የኋላ ቤቱ ሰውዬ ሊጠይቃቸው መጥቶ እኛው መካከል ተቀምጦ ነበር። የወንበራ ሰው ነው፤ ዝምተኛ፣ አንገቱን ደፍቶ የሚሄድ። ሚስቱ ታማ ቤተሰቦቿ ጋ እንዳለች ከመባሉ በቀር ስለሱ የምናውቀው አልነበረም፤ የሄደችው እኛ ከመግባታችን በፊት ነው። ሃጃ ይህን ሲሉ ፊቱ ሲለወጥ አየሁ።

«የኋላውም እንደዚህ ነው? ቧንቧው ላይ?» አለ።

«ሽቦ አልነበረም አልኩህ» አሉት።

ተነስቶ ሳይሰናበት ወጣ። ባለቤቴ ተከተለው፤ እኔም ሄድኩ። ቤቱ ጀርባ ቆሞ የራሱን ቧንቧ እያየ ነበር። የቧንቧው ብረት ግድግዳው ሥር ላይ ያልቅና በጥቁር ፕላስቲክ ይቀጥላል፤ ፕላስቲኩ ግድግዳውን ዞሮ እስከ ማጀቷ በር ይሄዳል፤ እዚያ እንደገና አጭር ብረትና መክፈቻ አለ።

«እኔ ነኝ የቀጠልኩት» አለ። «ሚስቴ ልትመጣ ሰሞን። ደጇ ድረስ ውሃ ይምጣላት ብዬ።»

ባለቤቴ ያቺን አጭር ብረት ዳሰሰ። ከኋላዋ ግድግዳው ላይ ጭቃውን ፋቅ ሲያደርገው ሽቦው ብቅ አለ። ሰውዬው ለማጀቷ የተሠራውን አሮጌ መውጫ ሽቦ ከበፊቱ ብረት ላይ ፈትቶ፣ እንደ ሃጃ ባል አድርጎ አዲሱ ብረት ላይ አስሮት ነበር፤ በፊት ታስሮ ስላየው ደገመው እንጂ ለምን እንደሆነ አያውቅም። ያ አምፖልም ከዚያ ወዲያ አንድ ቀን በርቶ አያውቅም። ተበላሽቷል ብለው ማብሪያውን ሳያጠፉ ትተውት ነበር።

ማታ ባለቤቴ ከቢሮ መካኒክ መያዣዋ ውስጥ ትንሽ መብራት ያላት ጠመንጃ መፍቻ ተውሶ መጣ፤ ኤሌክትሪክ ስትነካ ትበራለች። ሦስታችን ቧንቧው ፊት ቆምን። የከተማው መብራት መጣ። ባለቤቴ የመፍቻውን ጫፍ መክፈቻው ላይ አስጠጋ፤ መያዣዋ ውስጥ ቀይ ብርሃን በራ። ሰውዬው እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለ።

ታሪኩን የሰማነው ያን ማታ ነው። ሙሽራዋ በመጣች በጥቂት ቀን ውስጥ አመሻሽ ላይ ቧንቧው አጠገብ ተዘርራ አገኛት። ውሃው መታኝ አለችው። ጠዋት እሱ ራሱ ከፍቶ ታጠበበት፣ ምንም የለም። ከቀናት በኋላ ደግማ ወደቀች። ከዚያ ወደ ቧንቧው አልሄድም አለች፤ ሲመሽ ትንቀጠቀጣለች፤ የውሃ ድምፅ ስትሰማ ጆሮዋን ትይዛለች። የሥራ ባልደረቦቹ ውሃ ዳር የሚይዝ ክፉ መንፈስ ነው አሉት፤ በእምነታቸው ጠበል ይሻላታል ተባለ። ወስዶ ለአባቷ ሰጣት።

«እየማለች ነገረችኝ» አለ። «ሰው እንዴት ሚስቱን አያምንም?»

ባለቤቴ ሄዶ ዋናውን ማጥፊያ ሳበና ያንን ሽቦ ቆረጠው።

ፈቃድ ጠይቆ ወደ ወንበራ ሄደ። እሷ ያለችበት ወንበራም፣ እኛ ያለንበት አሶሳም በአንድ ክልል ናቸው፤ ግን መሀል ላይ ዓባይ ስላለ በወለጋ ወጥቶ በጎጃም መዞር ነበረበት። ስንጠብቀው ሰነበትን። ተመልሶ ሲመጣ ሚስቱና አባቷ አብረውት ነበሩ።

ሴትዮዋን በአእምሮዬ የሳልኳት ደካማ አድርጌ ነበር። የመጣችው ግን ረጅም፣ ረጋ ያለች፣ ነገርን ዐይኗን ሳትሰብር የምትናገር ወጣት ናት። መጀመሪያ የጠየቀችው የቤታቸውን ሽቦ ማየት ነው። ባለቤቴ ቆርጦ አስቀምጦት ስለነበር አመጣላት። አባቷ ከእጇ ተቀብለው አዩት። ነጠላ የለበሱ ሸምገል ያሉ ገበሬ ናቸው።

«ይቺ ናት?» አሉ። ደጋግመው፣ «ይቺ ናት?»

እሷ ወደኔ ዞራ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ ነገረችኝ። «ጠበሉ ቦታ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈሱብኛል። ውሃ ስፈራ እጮኻለሁ። ስጮኽ ‹ይኸው ለፈለፈ› ይላሉ፤ ደግመው ያፈሳሉ። ስምህን ተናገር ይላሉ፣ መንፈሱን ነው። የኔን ስም ስነግራቸው የሱ አይደለም ይላሉ። በመጨረሻ ዝም አልኩ። ዝም ስል ለቀቃት ተባለ።»

አባቷ ይህን ሲሰሙ ሽቦውን መሬት ላይ አስቀምጠው ወደ ውጭ ወጡ። አጥሩ ዳር ጀርባቸውን ሰጥተው ሲቆሙ በመስኮት አየኋቸው። ጠበል ይዘዋት የሄዱት እሳቸው ነበሩ፤ ወደዋት፣ ሌላ የሚያውቁት መድኃኒት ስላልነበራቸው።

ሃጃ በፋሻ የተጠቀለለ እጃቸውን ዘርግተው ሴትዮዋን አጠገባቸው አስቀመጧት። «ያ ቢንቲ፣ እኔንም መታኝ» አሏት። «አንተ እውነት ነው የተናገርከው።» ወጣቷ የተቃጠለውን መዳፍ በሁለት እጇ ይዛ ቆየች፤ ከመጣች ወዲህ የመጀመሪያ እንባዋ ያኔ ወረደ። ለካ ከሁላችን ይልቅ እንዲያምናት የፈለገችው ያ ውሃ የመታው ሰው ነበር።

አባቷ ወደ አገራቸው ሲመለሱ አብራቸው ትሄዳለች ብለን ነበር። ቀረች። ለባሏ ግን አንድ ነገር ነግራዋለች፤ እሱ ራሱ ነው የነገረን። «ቤትህ ውስጥ እኖራለሁ፣ ያንን ቧንቧ ግን በዕድሜዬ አልነካውም» ብላዋለች። ሽቦው ተቆርጦ፣ ፕላስቲኩ ወጥቶ ብረት ገብቶ፣ ባለቤቴ በመፍቻው ደጋግሞ ሞክሮ ቢያሳያትም ሐሳቧን አልለወጠችም። ማንም አልተከራከራትም።

ስለዚህ ሰውዬው በየጠዋቱ ሥራ ከመግባቱ በፊት፣ ሱሪውን ሰብስቦ፣ ቢጫ ጀሪካን በሁለት እጁ ይዞ ቦኖ ይወርድ ጀመር። ሴቶቹ ወረፋው ላይ ይስቁበት ነበር፤ ቤቱ ደጃፍ ቧንቧ እያለው ቦኖ የሚሰለፍ ወንድ አይተው አያውቁም። ቆይተው ግን ሲመጣ ቦታ ይለቁለት ጀመር። እኛ ወደ ሌላ ከተማ እስክንዛወር ድረስ ይቀዳ ነበር፤ በዝናብም፣ በበዓልም። ጠዋት እኔ በራችን ላይ ጥርሴን ስፋቅ ጀሪካኖቹን ይዞ፣ ትከሻው ወደ ታች ተጎትቶ፣ በአጥሩ ሥር ሲያልፍ አየዋለሁ። «እንደምን አደርሽ» ይለኛል፤ ሳይቆም ያልፋል።